ዚፕ ያለው የማይጨው ኮት

ዛሬ ስለ ፖለቲካ ላለመጻፍ ለራሴ ቃል ገብቼ ነው የተቀመጥኩት። የማወጋችሁ ስለ አንድ አሮጌ ኮት ብቻ ነው። ኮቱ ሁለት መንግሥት በገበሩ ውስጥ ደብቆ ቢመጣ ግን እኔ ምን ላድርግ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ፣ ቀበና የነበረው የእናቴ ቤት ባለፈው ዓመት ተለቀቀ። እናቴ እህቴ ዘንድ ገባች። ዕቃው ሲከፋፈል የእኔን ድርሻ ቢጠይቁኝ፣ «አልጋውም ቁም ሣጥኑም ይቅርብኝ፤ የአያቴን የዘመቻ ኮት ብቻ ላኩልኝ» አልኩ። እህቴ ለልጇ ምርቃት ወደዚህ ስትመጣ ኮቱን ከበርበሬውና ከሽሮው ሥር አጣጥፋ አመጣችልኝ። ፕሌኖ ካለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ ሻንጣው ሲከፈት የናፍታሊን፣ የበርበሬና የእናቴ ቤት ሽታ በአንድ ላይ ወጣ። ይህን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይህ ኮት እኛ ቤት ታቦት ነው። አያቴ በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ሲዘምቱ የለበሱት ነው እየተባለ ነው ያደግነው። እኔም ተማሪ ቤት አውርቼዋለሁ፤ ካርቱም ስደተኛ ሆኜ ለጓደኞቼ አውርቼዋለሁ፤ ቴክሳስ ከገባሁ ወዲህ ደግሞ በየማኅበሩና በየለቅሶ ቤቱ ያልሰማኝ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ዘንድሮ የሚያዝያ 27 የአርበኞች በዓል ሲዘጋጅ፣ ከአዘጋጆቹ አንዱ ደውሎ «ያ የአያትህ ኮት መድረክ ላይ ይሰቀል፤ አንተም ሁለት ቃል ተናገር» ቢለኝ ደስታዬን አልደበቅኩም። ደስታዬ አንድ ስህተት አሠራኝ። ኮቱን ላሳጥብ ይዤ ወጣሁ።

ቤቴ አጠገብ ያለውን ላውንድሪ የያዙት ኮሪያውያን ናቸው። ዳላስና አካባቢው ለኖርን ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ካሮልተን ሄዶ በኮሪያ ገበያ ያልሸመተ አበሻ ጥቂት ነው፤ የዳላሱ ሮያል ሌን ሰፈርም በ2023 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ሕግ አውጪዎች ውሳኔ የኮሪያ ሰፈር ተብሎ ታውቆአል። ሴትየዋ ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እንደ ሐኪም ትመረምረው ጀመር።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ።

«ወደ ዘጠና ይጠጋል። አያቴ ከሞሶሊኒ ጦር ጋር የተዋጋበት ነው» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ዚፑን ወደ ላይ ሳበችው፤ ወደ ታች ሳበችው። «ጥሩ ዚፕ ነው» አለች። ምላሱ ላይ «ታሎን» የሚል የአሜሪካ ፋብሪካ ስም ተቀርጾበታል። እኔ ይህን ዚፕ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳየው፣ ማይጨው ላይ ዚፕ ማን አመጣው ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። ሰው የሚወደውን ነገር አይመረምርም።

ቀጥላ አንገትጌውን ገለበጠች። እዚያ የተሰፋች የአቡጀዲ ቁራጭ አለች። ኪሱን ስትዳብስ ደግሞ ከገበሩ ሥር አንድ ወፍራም ነገር እጇ ላይ መጣ። «ሳይወጣ ከታጠበ ልብሱን ያበላሻል፤ ልፍታው?» ብላ ፈቃድ ጠየቀችኝ። «ፍቺው» አልኩ። ምናልባት አያቴ የደበቁት ማርያ ቴሬዛ ብር ይሆናል ብዬም ተመኝቼ ነበር፤ አልዋሻችሁም።

አቡጀዲዋ ስትነሳ የተደበዘዘ የጽሑፍ ምልክት ወጣ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። «ጃኬት፣ ፊልድ፣ ኤም-1951» ይላል። ከሥሩ የውል ቁጥርና 1952 የሚል ዓመት አለ። መጀመሪያ «በእኛ ነው በእነሱ?» ብዬ ራሴን ለማታለል ሞከርኩ። በእኛም ይሁን በእነሱ 1928 አይሆንም።

ከኪሱ ገበር የወጣው ነገር ደግሞ ክብ ቀይ ጨርቅ ነው፤ መሐሉ ላይ የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ጥቁር ምልክት ተጠልፎበታል። ከእርሱ ጋር አንዲት የሜዳሊያ ጥብጣብ አለች፤ ውኃ ሰማያዊና ነጭ እየተፈራረቀባት ሽንትርትር የሆነች። ሴትየዋ ከጓዳ አባቷን ጠራች። ሽማግሌው በምርኩዝ ወጡና ክቡን ጨርቅ አንስተው አዩት።

«ሰባተኛ ክፍለ ጦር» አሉ ሳያመነቱ። «የየት አገር ሰው ነህ?»

«ኢትዮጵያ» አልኩ።

«ኢትዮጵያ» ብለው ደገሙና ምርኩዛቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ጎን ሰብስበው፣ ለእኔ ሳይሆን ለኮቱ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። ልጅቱም ኮቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ። አላጥብም አለች። ገንዘብም አልቀበልም አለች።

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ የቃኘውን ታሪክ ባጭሩ እናስታውስ። ወጣቶቻችን ስሙን ከመስማት አልፈው ብዙ አልተነገራቸውምና።

የኮሪያ ጦርነት በ1950 እ.ኤ.አ. ሲነሣ ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ጦር ከላኩት አገሮች አንዷ ሆነች። ከክቡር ዘበኛ የተመረጠው ሻለቃ «ቃኘው» ተባለ፤ ስሙ ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው የመጣ ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ ዕርገቱ እየተመራ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሣ፤ ከጅቡቲ በመርከብ ተጭኖ በዚያው ወር ማብቂያ ፑሳን ገባ። እዚያም የአሜሪካን መሣሪያና የአሜሪካን ልብስ ታጥቆ ከሰባተኛው የአሜሪካ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተሰለፈ። ሁለተኛውን ሻለቃ ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መሩ። ሦስተኛው ሻለቃ በግንቦት 1945 ዓ.ም. «ዮክ» እና «አንክል» በተባሉት ምሽጎች ላይ ያደረገውን ተጋድሎና የሌሊት ቅኝት አሜሪካዊው የጦር ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ጽፎታል። ተኩስ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ቆመ። ከ120 በላይ ልጆቻችን ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ አንድም ሰው አልተማረከም። ይህ የመጨረሻው ነገር በዚያ ጦርነት ለሌሎች ቀላል አልነበረም። ደግሞም መዋጋት ብቻ አይደለም፤ በ1953 እ.ኤ.አ. ቶንግዱቾን በተባለው ከተማ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመዋል።

ታዲያ ኮቱ የቃኘው ነው ለማለት ምን ያህል ማስረጃ ያስፈልጋል? አንድ ጊዜ ተሸውጃለሁና አሁን ጠንቃቃ ሆኛለሁ። የአሜሪካ ኮት መሆኑ ብቻውን አይበቃም። በግንቦት 1953 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያና አሜሪካ የመከላከያ ስምምነት ከተፈራረሙ ወዲህ ሠራዊታችን የአሜሪካን ልብስ ለብሶ ኖሮአል፤ መርካቶም ምን የማይሸጥ ነገር አለ? ክቡ ቀይ ምልክትም ብቻውን አይበቃም፤ ሰባተኛው ክፍለ ጦር እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ኮሪያ ውስጥ ስለቆየ ምልክቱን የለጠፈ ሰው ብዙ ነው። የውኃ ሰማያዊና ነጭ ጥብጣቧ ግን የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ናት። ያ ሜዳሊያ በየዘማቹ አገር ቋንቋ ሲቀረጽ በአማርኛም ተቀርጾአል። ከዚህ በላይ ደግሞ የኮቱ ግራ ትከሻ አለ። ከፀሐይ ብርሃን ፊት ስይዘው ከሌላው ጨርቅ ያልደበዘዘ ክብ ቦታ፣ ዙሪያውንም የመርፌ ቀዳዳዎች ታዩኝ። አሜሪካኖች በግራ ክንድ የሚለጥፉት ሰውየው ያለበትን ክፍል ነው፤ በቀኝ የሚለጠፈው ቀድሞ የዘመተበት ነው። ስለዚህ ይህ ምልክት ኮቱ ላይ ኖሮአል፤ በሰው እጅ ተፈትቶአል፤ በሰው እጅ ገበር ውስጥ ተሰፍቶአል። ያ እጅ የማን ነው? ይህን የሚመልስ መጽሐፍ የለም።

ለእናቴ ደወልኩ። ፕሌኖ ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ገና ጎሕ መቅደዱ ነው። እናቴ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ግን ከእኔ ይሻላል።

«እማዬ፣ ያ የአባባ ኮት…»

«ደረሰልህ? ብል አልበላውም?»

«ዚፕ አለው» አልኳት።

ዝም አለች። የአዲስ አበባ ወፎች በስልኩ ውስጥ ይሰሙኛል።

«እማሆይ የሰፉትን ፈታችሁት እንዴ?» አለች በመጨረሻ።

«ፈታነው።»

«የጋሼ ነው» አለች። «እንግዲህ ከፈታችሁት ምን ይደረግ። የጋሼ ነው።»

ጋሼ የአያቴ የእማሆይ ታናሽ ወንድም ነበሩ። እኔ የማውቃቸው ለገሀር አካባቢ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ሆነው ነው። ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ሐምሌ ላይ ሁላችንም በጋቢ ተጠቅልለን ስንንቀጠቀጥ እሳቸው በስስ ኮት መጥተው «ይኸ ደግሞ ብርድ ነው?» ሲሉ እንስቅባቸው ነበር። ድሀ ብርድ ልብስ ሲያጣ የሚናገረው ይመስለን ነበር።

እናቴ እንዲህ ነገረችኝ። ጋሼ ቃኘው ሆነው ዘምተው፣ ዕርቅ ከወረደ በኋላ ተመለሱ፤ ያኔ እሷ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ለገሀር ሄዳ ከነዚህ ከነኮቱ ተቀብላቸዋለች። በክቡር ዘበኛ ውስጥ ቀጠሉ። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ያ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መጣ። የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ የመሩት ነበር። ብዙው ተራ ወታደር የታዘዘውን ከመፈጸም በቀር የነገሩን ሥር አያውቅም። ክቡር ዘበኛ ተሸነፈ፤ ገርማሜ ሞቱ፤ ጄኔራሉ በመጋቢት ተሰቀሉ። ትናንት ንጉሡ ባንዲራ ሰጥተው የሸኙት ወታደር ዛሬ ከሃዲ ተባለ።

«በሌሊት መጣ» አለችኝ እናቴ። «ኮቱን አውልቆ የአባባን ጋቢ ለበሰ። ቤት ይፈተሻል ተብሎ ነበር። ኩራዝ ይዤ ምልክቱን የፈታሁት እኔ ነኝ። ጣልነው ብለን ነበር፤ እማሆይ ግን አላስችላቸው ብሎ ገበሩ ውስጥ መልሰው ሰፉት። ሜዳሊያውን ቀበና ወንዝ ጣልነው።»

ጋሼ ሁለት ቀን ቆይተው እጃቸውን ሰጡ። ጥቂት ወራት ታሰሩ፤ ከዚያ ተሰናበቱ፤ ከዚያ መጋዘን ጠባቂ ሆኑ። ይህ አንደኛው መንግሥት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ደርግ ሆነ። ደርግ በመጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከአሜሪካን ጎን ተሰልፎ ኮሚኒስት መውጋት የሚያስመካ ታሪክ መሆኑ ቀረ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከኪም ኢል ሱንግ ጋር ተወዳጁ፤ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያውያን ርዳታ ነው የቆመው። ጋሼ የሞቱት በዚያው ዓመት ነው። ያን ሐውልት አይተውት እንደሆነ እንጃ፤ እናቴም አታስታውስም።

«ታዲያ የአባባ ነው ያላችሁኝ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«አንተ ነሃ ያስዋሸኸን» አለችኝ። «አፍህ መች ያርፍ ነበር? የሰማኸውን ቀበሌ ድረስ የምታደርስ ልጅ ነበርክ!»

አሁን ትዝ አለኝ፤ ስልኩን እንደያዝኩ መጣብኝ። 1968 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ። የእማሆይን ሣጥን ጎርጉሬ ይህን ኮት ለብሼ፣ እጀታው መሬት እየጎተተ፣ ቡና ወደሚጠጣበት ክፍል ገባሁ። እናቴ ስኒ ጣለች። እማሆይ «አውልቅ!» ብለው ጮኹና መልሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የአያትህ ነው፤ ማይጨው የዘመቱበት ነው» አሉኝ። ጋሼ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር። ወደ እሳቸው ዞሬ «ጋሼ፣ እርስዎስ ዘምተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«እኔ የምን ዘማች ነኝ፤ እኔ ዘበኛ ነኝ» አሉኝ።

እኔ የመጋዘኑን ዘበኛ ሰማሁ። እሳቸው ያሉት ግን እውነቱን ነበር፤ ክቡር ዘበኛ ነበሩ። ከዚያ በኋላም እሷን የማይጨው ወሬ እሳቸው ባሉበት ስንት ጊዜ እንዳወራኋት እግዜር ይወቀው። የገዛ ኮታቸውን ለሌላ ሰው እየሸለምኩ እሳቸው ቡናቸውን ይጠጡ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላረሙኝም።

በእማሆይ አልፈርድም። ውሸታቸው ኮቱን ከብልም ከፈታሽም አድኖልናል። የማይጨው ዘማች ልብስ በጃንሆይም ዘመን፣ በደርግም ዘመን፣ ከዚያም ወዲህ ማንም የማይነካው ልብስ ነው። ግን ልብሱን ስናተርፍ ሰውየውን ጣልነው። ውሸቱ የተበጀው ለአንድ ክረምትና ለአንድ ለፍላፊ ልጅ ነበር፤ ልጁ አድጎ ፀጉሩ ሸብቶ ባሕር ተሻግሮ እንኳ «አሁን ይበቃል» የሚለው አላገኘም።

አያቴስ? ይህንንም ጠየቅኳት። «አባባማ ማይጨው ዘምተዋል እንጂ!» አለች ተቆጥታ። «በሸማቸውና በባዶ እግራቸው። ኮት ከየት አግኝተው!» እንግዲህ አያቴም ምንም አልጎደለባቸውም። ያለ ኮት መዝመታቸው ያኮራ እንደሆን እንጂ አያሳፍርም።

ለበዓሉ አዘጋጅ ደወልኩና ኮቱ የማይጨው አለመሆኑን ነገርኩት። «ታዲያ ማን ያውቅብሃል? አምጣውና ስቀለው፤ ያው ሁሉም ጀግና ነው» አለኝ። በክፋት አይደለም፤ ፕሮግራሙ ታትሞበት ነው። እኔ ግን አልወሰድኩትም። ሚያዝያ 27 ቀን ባዶ እጄን ወጥቼ ስለ ባዶ እግሩ አያቴ ሁለት ቃል ተናገርኩ። ስለ ጋሼ የምናገረው ሌላ ቀን፣ በራሳቸው ስም ነው። ያ ቀን ዛሬ ሆነ፤ ቦታውም ይህ ዓምድ።

ውድ አንባብያን፣ በየሻንጣችሁና በየቤተሰባችሁ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ልብስ ያላችሁ ብዙዎች እንደምትሆኑ እገምታለሁ። እባካችሁ እንደ እኔ ላውንድሪ አትሩጡ። ውኃ የተደበዘዘውን ጽሑፍ ይወስደዋል። በፊትና በኋላ ፎቶግራፍ አንሡት፤ አንገትጌውንና የኪሱን ውስጥ እዩ፤ ክንዱን ከብርሃን ፊት ያዙት፤ ዓመተ ምሕረት ካገኛችሁ በእኛ ይሁን በእነሱ ለዩ። ከሁሉ በፊት ግን ለእናታችሁ ደውሉ። ጨርቅ የት እንደተሰፋ ይነግራችኋል፤ ማን ለብሶት ማን እንደፈታው ግን አይነግራችሁም። የቃኘው ዘማቾች በሕይወት የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በደቡብ ኮሪያዋ ቹንቾን ከተማ በ1968 እ.ኤ.አ. ጃንሆይ የመረቁት ሐውልት አላቸው፤ አዲስ አበባ አፍንጮ በር ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. ቆሞላቸዋል። በየቤታችን ግን ስንቶቹ «ዘበኛ» ብቻ ተብለው አልፈዋል?

ስልኩን ልዘጋ ስል እናቴን የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቅኳት። የሚያውቁ ሰዎች አሮጌ ልብስ እንደተገኘ ይቀመጥ ይላሉ። ምልክቱን ምን ላድርገው?

«እኔ የፈታሁትን አንተ ስፋልኝ» አለችኝ።

መርፌ ይዤ ማታ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ስፌቴ ያስቃል፤ ልጄ አይታ ስቃለች። ግን አዲስ ቀዳዳ አልጨመርኩም፤ መርፌዬን የላክሁት በቀድሞዎቹ ቀዳዳዎች ነው።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።